በመቀናጆ የተጠመደው ኮምፒዩተር

ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን የሥራዬ ነገር እንዲገባችሁ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ ኮምፒዩተሩም እስካሁን የትምህርት ማስረጃ አልጠየቀኝም። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ የከተማውን ሰው ስቆርጥና ስቀጥል እውላለሁ። ማን ሲጨፍር ትከሻው ቀድሞ ወገቡ እንደሚከተል፣ ማን ፍርድ ቤት እንደቆመ ምስክር ኮስተር ብሎ እስክስታ እንደሚመታ፣ ማን ካሜራ ሲያይ ጉርሻውን እንደሚያሳንስ አውቃለሁ። መንገድ ላይ "እንዴት ዋልሽ?" ሲሉኝ ግን ምላሴ ይታሰራል። አንድ ቀን ለሰላምታ የሚሆን መልስ ስፈልግ ቆይቼ፣ መልሱ ሲመጣልኝ ሰላም ያለኝ ሰውዬ በአውቶቡስ ወረኢሉ ደርሷል።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሥራ የተከፋፈለ ነው። አፉ እትዬ ዘነቡ ናት፤ እጁ እኔ ነኝ። እትዬ ዘነቡ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ናት። ትቀርጻለች፣ ከደንበኛ ጋር ትነጋገራለች፣ ትምላለች። እኔ እሷ የማለችበትን እሠራለሁ። ችግሩ፣ እሷ ስትምል የኮምፒዩተሩን አቅም ጠይቃ አታውቅም።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ እትዬ ዘነቡ ደሴ ሄዳ አዲስ ካሜራ ገዝታ መጣች። የካሜራው ጥራት የሚያስደነግጥ ነው፤ የሙሽራዋን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። ኮምፒዩተራችን ግን ያንን ምስል ገና ሲከፍተው ዳገት ላይ እንደደረሰ አሮጌ አይሱዙ ማቃሰት ጀመረ። ሙሽራው ቀኝ እግሩን አንስቶ ግራውን እስኪያስከትል እኔ ምሳዬን በልቼ እመለስ ነበር።

"ለሱም መድኃኒት ይዤ መጥቻለሁ" አለችና እትዬ ዘነቡ ከቦርሳዋ አንድ ካርቶን አወጣች።

ግራፊክስ ካርድ ነው። ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ የምስሉን ሥራ ብቻ ለራሱ የሚይዝ፣ የግሉ ማራገቢያ ያለው፣ ጡብ የሚያህል ነገር። "ሻጩ ምን አለኝ መሰለሽ? ይሄን ካስገባችሁ ኮምፒዩተራችሁ ክንፍ ያወጣል አለኝ።"

አስገባነው። ከመርዘሙ የተነሳ የኮምፒዩተሩ የጎን መዝጊያ አልገጥም አለ። እትዬ ዘነቡም መዝጊያውን አጥባ የቆሎ ማቅረቢያ አደረገችው። እውነትም ኮምፒዩተሩ ክንፍ አወጣ! ሙሽራው ግራና ቀኝ እግሩን በተራ ማንሳት ቻለ። እኔ ደስ ብሎኝ ማዳመጫዬን አውልቄ ለብቻዬ አጨበጨብኩ።

አንድ ነገር ግን ሁለታችንም አልጠየቅንም፦ ይህ እንግዳ ምን ይበላል? ኮምፒዩተር ውስጥ ፓወር ሳፕላይ የሚባል የቆርቆሮ ሳጥን አለ። መብራቱን ከግድግዳ ተቀብሎ ለቤተሰቡ የሚያካፍለው እሱ ነው። የኛው ሳጥን ድሃ አባወራ ነበር፤ እኛ ደግሞ ጎረምሳ እንግዳ አመጣንበት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እኛ እንኳን ገደሉን ሳሩንም በደንብ አላየንም፤ ካርቶኑ ነው ያማረን።

በዚያው ሰሞን የቄስ አስናቀ ልጅ ጽጌ ተዳረች። ቄስ አስናቀን የማያውቅ የለም፤ ድምፃቸው ቅዳሴ ላይ ያለ ማጉያ አጥር ዘልሎ መንገድ ይደርሳል። ሠርጉ ሲቃረብ ከከላላ ሲመለሱ በቅሏቸው አሽቀንጥራ ጣለቻቸውና እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻው በሸምበቆ ጠፍሮ አሰራቸውና "አባ፣ ከዚህ መደብ ላይ ንቅንቅ ቢሉ እኔ የለሁበትም" ብሎ ሄደ። እናም የልጃቸውን ሠርግ ጓዳ ተኝተው በግድግዳ ሰሙት። ከበሮውን ሰሙ፣ እልልታውን ሰሙ፣ ይዟት የሄደውን መኪና ጥሩንባ ሰሙ። ምንም አላዩም።

ጽጌ በሚቀጥለው እሑድ ለመልሱ ከባሏ ጋር አባቷ ቤት ትመጣለች፤ ከዚያ ባሏ ሥራ ወደያዘበት ሩቅ አገር ይሄዳሉ። እትዬ ዘነቡ መደቡ አጠገብ ቆማ "አባ፣ በመልሱ ዕለት ከጽጌ ጋር ጎን ለጎን ሆነው ያዩታል፤ ይሄን ባላደርግ ካሜራዬን ይንሳኝ!" ብላ ማለች።

"አደራ" አሉ ቄስ አስናቀ። "በጆሮ ብቻ ልጅ መዳር ምን ይሉታል?"

"እርግብም አለው!" አለች እትዬ ዘነቡ። ማንም ስለ እርግብ አልጠየቃትም። "ጽጌ ከግቢው ስትወጣ ከግራ ከቀኝ ነጫጭ እርግቦች ብድግ ይላሉ፤ ከሰማይ የአበባ ቅጠል ይወርዳል!"

ቄስ አስናቀ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። ሲያምማቸው ይሁን ሲገርማቸው አላወቅኩም።

ሥራ ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በሰላም አለፈ፤ ድግሱም አለፈ። ጽጌ ከድንኳኑ ወጥታ ወደ መኪናው መሄድ ጀመረች። እርግቦቹ ክንፋቸውን ዘረጉ፤ ካርዱ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ፤ ከዚያ ድርግም!

"መብራት ሄደ?" አልኩ። ቀና ስል አምፖሉ ቦግ ብሎ ያየኛል። እትዬ ዘነቡ ጎረቤት ሁሉ ዞራ ጠየቀች። ሁሉም ቤት አለ። እንዲህ ዓይነት ብቸኝነት አይቼ አላውቅም፤ መብራት እንኳ የሚያምረው ከመንደር ጋር ሲጠፋ ነው። መልሼ አበራሁት። ጽጌ መጣች፣ እርግቦቹ ተነሱ፣ ድርግም! ደግሜ አበራሁት። ድርግም! ጽጌ ከአባቷ ግቢ መውጣት እንቢ አለች።

"ወፍጮው ነው" አለች እትዬ ዘነቡ። "ፊት ለፊታችን ያለው የይመር ወፍጮ ጉልበቱን እየሳበብን ነው። ሂጂና ትንሽ እንዲያቆምልን ለምኚው።"

"እኔ?"

"እኔ ደንበኛ አለብኝ" አለች። ደንበኛ የሚባል በአካባቢው አልነበረም።

ወፍጮ ቤት ገባሁ። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ይመር እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል።

"ይመር" አልኩ። ወፍጮው ዋጠው። "ይመር!" አሁንም ዋጠው። ይመር እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "ምን?" ሲል በአፉ አየሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ ያጠራቀምኩትን ድምፅ በሙሉ ላወጣ አየር ሳብኩ። ይመርም እኔን ለመስማት ብሎ ወፍጮውን ያጠፋው ልክ በዚያች ቅጽበት ነው።

"ጽጌን ከግቢ ማስወጣት አቃተኝ!" ብዬ በዚያ ጸጥታ ላይ ጮህኩበት።

ሴቶቹ ተያዩ።

"የቄስ አስናቀን ጽጌ?" አለች አንዷ። "ባለፈው እሑድ አይደል እንዴ የሄደችው?"

"እስካሁን ግቢ ውስጥ ናት?"

"ውይ በሞትኩት! ባልየውስ?"

"ባልየው መኪናው ውስጥ ነው" አልኩ። እውነቴን ነው፤ ትቼው የመጣሁት እዚያ ነበር።

ስለ ቪዲዮው በእጄም በአፌም ሳስረዳው ይመር ነገሩ ገባውና "ለአባ ከሆነማ" ብሎ ወፍጮውን እንደጠፋ ተወው። ሴቶቹ ግን ዝም ብለው አልቆሙም፤ ሥራ ያስፈታቸውን ነገር በዓይናቸው ሊያዩ ተከትለውኝ መጡ። ቤታችን ጢም አለ። ከኋላዬ የገብስና የስንዴ ሽታ፣ ከፊቴ ጽጌ። አበራሁት። ጽጌ መጣች። ሴቶቹ እልል አሉ። እርግቦቹ ተነሱ። ድርግም!

"እኛንም ሥራ አስፈታሽን፣ እሷንም አላወጣሻት" አለች አንዷ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ።

በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ ደሴ ላለው ሻጭ ደወለች። ድምፁን ከፍ አደረገችና ስልኩን እኔ ፊት አስቀመጠችው።

"ፓወር ሳፕላዩ ላይ ምን ተጽፏል?" አለ ሻጩ።

አነበብኩለት። ትልቅ ቁጥር ነው፤ ስነግረው ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

"እህቴ፣ የተጻፈውን ተይው። ነቅለሽ አንሺውና ክብደቱን ንገሪኝ።"

ነቅዬ አነሳሁት። "እንደ ባዶ ጣሳ ነው።"

"በቃ ጣሳ ነው" አለ። "ካርዱ ሲያርፍ ይችለዋል፤ ሥራ ሲበዛበት አይችለውም። ደህናውን በአውቶቡስ እልክላችኋለሁ። ከእሑድ በፊት ግን አይደርስም።"

"መልሱ እሑድ ነው!" ብላ እትዬ ዘነቡ ስልኩ ላይ ተደፋች።

"እንግዲያው ሌላ ሳፕላይ ፈልጉና አግዙት። አንዱ ኮምፒዩተሩን ይሸከም፣ አንዱ ካርዱን ብቻ።"

ይህን ሲል በራፋችን ላይ ቆመው ይሰሙ የነበሩት አያ ሙሄ ዘው አሉ። አያ ሙሄ አጠገባችን በአሮጌ ኮምፒዩተር ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ገበሬ ነበሩ። ከቄስ አስናቀ ጋር ደግሞ አብሮ አደግ ናቸው፤ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ሰጋጅ ሆነው እስካሁን እንደ ልጅ ይሰዳደባሉ።

"መቀናጆ ነዋ!" አሉ አያ ሙሄ።

"ምኑ?"

"አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል! ያንቺ ሳጥን አንድ በሬ ነው። የኔም ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ አንድ አለ። እንጠምዳቸዋለን። አብሽሪ! ወላሂ፣ ለቄስዬ ያልሆነ በሬ ለማን ይሆናል?"

እትዬ ዘነቡ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። እሳቸው ግን ጣታቸውን አነሱ።

"መቀናጆ ወግ አለው። በሬዬ ሲያልበው ይፈታል። አይመታም። ደግሞ እኔ ሳልኖር ቀንበር ላይ አይቆይም። አባቴ በሬውን ትቶለት የሄደው ሰው፣ በሬው እስኪወድቅ ድረስ አርሶበታል፤ እኔ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም።"

እሺ አልን። "የኔው ቦራ ይባላል" አሉ። "ያንቺስ?" ስም ካላወጣሁ የማይጀምሩ መስሎኝ "ዳማ" አልኩ።

ሻጩ በስልክ እንደነገረኝ የካርዱን መሰኪያ ከዳማ ወደ ቦራ አዛወርኩና፣ ቦራን ለብቻው ለማንቃት አረንጓዴውንና ጥቁሩን ሽቦ በጸጉር መያዣዬ አገናኘሁት። አያ ሙሄ ማጥፊያ ማብሪያውን እንደ ጅራት ይዘው "ሂድ ቦራ!" አሉ። ቦራ እፍፍፍ አለ። እኔም ዳማን አስነሳሁ። ጽጌ መጣች። እርግቦቹ ክንፋቸውን ዘረጉ። እትዬ ዘነቡ ዓይኗን ጨፈነች። እርግቦቹ በረሩ! አበባው ወረደ! ጽጌ ወጣች!

ተቃቅፈን ዘለልን። አያ ሙሄ ግን መዳፋቸውን ቦራ ላይ አሳርፈው "አልቦታል! ፍቱልኝ!" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን እንዲህ ሆነ፦ ትንሽ እናርሳለን፣ ትንሽ እንፈታለን። አያ ሙሄ በተፈታ ቁጥር ቦራን በሰው ማመልከቻ ያራግቡለታል። እንዲህ እየተፈታ እየተጠመደ የተዘጋጀውን ቪዲዮ አጠናቅቆ ማውጣት አልተቻለም፤ በተቋረጠ ቁጥር ከመጀመሪያው ይነሳል። እሑድ ደረሰ። ያለን ምርጫ አንድ ብቻ ሆነ፦ ኮምፒዩተሩን ራሱን ተሸክመን መልሱ ቤት መሄድና ከሆዱ ማሳየት።

በባጃጅ ሄድን። እኔ ሆዱ የተከፈተ ኮምፒዩተር ታቅፌያለሁ፤ አያ ሙሄ ከጎኔ ቦራን እንደ ሕፃን ይዘውታል፤ እትዬ ዘነቡ ከፊት ሆና "ቀስ በል፣ በሬ አለብን!" እያለች ሹፌሩን ታሳስባለች። ሹፌሩ ባጃጁን አቁሞ ዞሮ አየን፤ በሬውን ፈልጎ ሲያጣ መንዳቱን ቀጠለ።

ቴሌቪዥኑን ጓዳ አስገብተን ከመደቡ ትይዩ አቆምነው። ቄስ አስናቀ በትራስ ቀና ብለዋል፤ ጽጌና ባሏ ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ድንኳን የነበረው ሰው ሁሉ ጓዳው ውስጥና በር ላይ ታጨቀ። እኔ ከኮምፒዩተሩ ኋላ ገብቼ ተሸሸግኩ። አያ ሙሄ ለእስላም ለብቻ የተሠራውን ምሳ በልተው ቦራ አጠገብ ተቀመጡ። ተጀመረ።

ቄስ አስናቀ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ስትገባ "እሰይ" አሉ። ድግሱ ሲመጣ "ይሄ ሁሉ ሰው በልቶ ነው ለኔ ቀዝቃዛ ወጥ የላካችሁት?" አሉ። ሰው ሳቀ። ጽጌ ከድንኳኑ ልትወጣ ተነሳች...

ከሩቅ አዛን ተሰማ። አያ ሙሄ ብድግ አሉ። ሰው በሬውን ጠምዶ ትቶ አይሄድም። እጃቸው ራሱ ሄዶ ቦራን ፈታውና፣ እሳቸው ለሶላት ውዱ ሊያደርጉ ወጡ።

ድርግም!

እትዬ ዘነቡ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ያንን አፍ ባዶ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አሉ ቄስ አስናቀ።

"አባ፣ እኔ እንኳ ከካሜራው ኋላ ነበርኩ" አለች እትዬ ዘነቡ። "ሁሉንም አንድ በአንድ ያየችው እሷ ናት።" ወደ ኮምፒዩተሩ ጠቆመች። ሰው ሁሉ ዞረ።

"የኔ ልጅ፣ ከዚያስ?"

መሬት ብትከፈት የምገባበትን ቦታ መርጬ ነበር። አልተከፈተችም። "ከዚያማ" አልኩ ለወለሉ፣ "ሚዜው የሙሽራውን ግንባር ጠረገ።"

"አልቦት ነበር?"

"አላላበውም። ዝም ብሎ ነው የጠረገው። እንዲህ።" እጄ ብቻውን ተነሳና ሚዜውን ሆነ። አንድ ሰው ሳቀ። "ከዚያ ይመር መጣ። ትከሻውን ሲመታ ወንፊት የሚነፋ ነው የሚመስለው። እንዲህ፣ እንዲህ!" ትከሻዬ ማንን እንዳስፈቀደ አላውቅም። "አያ ሙሄ 'ኧረ እኔ ሽማግሌ ነኝ' እያሉ ከሁሉ ቀድመው መሐል ገቡ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ካሜራውን እንደያዘች ስትጨፍር፣ እዚህ ጋ የሁላችሁም እግር ብቻ ነው ያለው!"

ጓዳው በሳቅ ተናጠ። ቄስ አስናቀ "ኧረ እግሬን! እግሬን!" እያሉ ሸምበቆውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ ከኮምፒዩተሩ ኋላ ወጥቼ መሐል ጓዳ ቆሜያለሁ። ማን እንዳወጣኝ እንጃ።

"ከዚያ ጽጌ ወደ መኪናው ስትሄድ ቆም አለች፤ ወደዚህ ጓዳ መስኮት ተጠጋችና መዝጊያውን በመዳፏ ነካች። ይሄ እንኳ ቪዲዮው ላይ የለም። ቆርጬዋለሁ።"

ሳቁ ቆመ።

"ለምን?" አሉ ቄስ አስናቀ።

"ለእርግቦቹ ቦታ ጠፋ።"

"የምን እርግብ?" አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺ ነበርሽ? እኔ እኮ መዝጊያው ኮሽ ሲል ዶሮ መስሎኝ 'እሽ!' ብያለሁ!"

"ሰምቼዎታለሁ አባባ" አለች ጽጌ። ስቃ ይሁን አልቅሳ መለየት አልተቻለም፤ ነጠላዋ ውስጥ ገብታለች። "'እሽ' ሲሉኝ ነው የሄድኩት።"

"አምጪልኝ" አሉኝ ቄስ አስናቀ። "እሱን አምጪልኝ።"

የካርዱን መሰኪያ ከቦራ ነቅዬ ወደ ዳማ መለስኩት። እርግቦቹን አንድ ሳላስቀር አጠፋኋቸው፤ አበባውንም ጠረግኩት። የቆረጥኩትን ቀጠልኩና አስነሳሁት። ካርዱ ዝም ብሎ በቀስታ ተነፈሰ። ድሃው አባወራ ይህን ያህል ይችል ኖሯል።

አያ ሙሄ ሰግደው ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ በሩ ላይ ደረሱ። ቦራ እንደተፈታ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን ይሄዳል።

"ያለኔ በሬ ነው እንዴ የምታርሱት?" አሉ፣ ከልብ ተቀይመው።

"ዝም በል ሙሄ!" አሉ ቄስ አስናቀ። "ልጄ መስኮቱ ጋ ደርሳለች።"

ጽጌ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ቆም አለች። ዘወር አለች። መዳፏን መዝጊያው ላይ አሳረፈች። ቄስ አስናቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዚያ የቅዳሴ ድምፃቸው "ግቢ ልጄ!" አሉ።

"አባባ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነኝ" አለች እውነተኛዋ ጽጌ ከጎናቸው።

"ቆይ አንቺ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። "እንግዳ እየመጣብኝ ነው።"